የኤሪክ ማዙር ክፍል፦ ክሊከሩን ብናወጣው ምን ይቀራል?

መምህራን ተሰብስበው ስለ ተማሪ ትኩረት መነጋገር ሲጀምሩ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዕቃ ይሄዳል። አንዱ ስልክ ከክፍል ይውጣልን ይላል፤ ሌላው ፕሮጀክተር ወይም ታብሌት ቢኖረን ተማሪው አያንቀላፋም ነበር ይላል። ሁለቱ የተቃረኑ ይምሰሉ እንጂ እምነታቸው አንድ ነው፤ ተማሪውን የሚያነቃውም የሚያደነዝዘውም መሣሪያው ነው ብለው ያስባሉ። ይህን እምነት ለመፈተን የሚያመች አንድ ጉዳይ አለ። አንድ የማስተማሪያ ዘዴ ክሊከር ከሚባል፣ ተማሪው ቁልፍ ተጭኖ መልስ ከሚመርጥበት ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ጋር ተያይዞ ስሙ ገነነ፤ ቆይቶ ያው ዘዴ መሣሪያው ወጥቶለት በቁራጭ ካርድ ተሞከረና ውጤቱ ጎን ለጎን ተለካ። እንዲህ ያለ ንጽጽር በትምህርት ዓለም በቀላሉ አይገኝምና ከሥሩ ጀምሬ ልተርከው።

ጎበዝ መምህር፣ ጎበዝ ተማሪ፣ ያልገባ ትምህርት

ኤሪክ ማዙር አምስተርዳም የተወለደ የፊዚክስ ተመራማሪ ነው። በ1984 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ከያዛቸው ክፍሎች አንዱ በአብዛኛው ለሕክምና ትምህርት የሚዘጋጁ ተማሪዎች የሚወስዱት የመግቢያ ፊዚክስ ነበር። እነዚህ ተማሪዎች ፊዚክስን ወድደው አልመጡም፤ ግዴታ ስለሆነባቸው ነው። እንደዚያም ሆኖ ማዙርን ሲመዝኑት ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጡታል፤ ከባድ የሚባሉ የስሌት ጥያቄዎችንም ይሠሩለታል። መምህሩም አዳራሹም ደኅና ናቸው፤ ማንም ቅሬታ አላቀረበም።

በ1990 ግን ኢብራሂም ሃሉንና ዴቪድ ሄስተነስ የተባሉ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአምስት ዓመት በፊት ያሳተሙትን ጥናት አነበበ። ጥናቱ የሚለው ይህን ነው፤ ተማሪ የኒውተንን ሕጎች ተምሮ፣ ተፈትኖና አልፎ እንኳ ስለ እንቅስቃሴ ያለው እምነት ክፍል ከመግባቱ በፊት እንደነበረው ሊቀር ይችላል። ሕጉን በቃሉ ይወጣዋል፤ ሲያስብ ግን በሕጉ አያስብም። ማዙር የሃርቫርድ ተማሪ እንዲህ ይሆናል ብሎ አላመነም። ጥናቱ የተሠራበትን ፈተና ለራሱ ተማሪዎች ሰጠ። ፈተናው ስሌት የለበትም፤ ሁሉም ምርጫ ነው፤ ስለሚወድቅ ዕቃና ስለሚጋጩ መኪኖች የሚጠይቅ ነው። በጣም ከመቅለሉ የተነሣ ተማሪዎቹ ይንቁታል ብሎ ሰግቶ ነበር። ፈተናው ሲጀመር ግን ከተማሪዎቹ በኩል አንድ ጥያቄ መጣ፦ የምንመልሰው እርስዎ ባስተማሩን መሠረት ነው ወይስ እኛ በተለምዶ ስለ ነገሩ በምናስበው መሠረት?

እኔ ይህን ጥያቄ ከጉዳዩ ሁሉ የበለጠ ክብደት እሰጠዋለሁ። ጠያቂው እየቀለደ አይደለም። በጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት ፊዚክስ አለ፤ አንዱ ለፈተና፣ አንዱ ለኑሮ። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ውጤቱም ይህንኑ አሳየ፤ ተማሪዎቹ ማዙር ከጠበቀው እጅግ ባነሰ ሁኔታ ነበር የሠሩት።

ጥፋቱ የፈተናው ሊሆን ይችላል ብሎ ሌላ ሙከራ አደረገ። በአንድ ፈተና ላይ ስለ ኤሌክትሪክ ሁለት ጥያቄ አኖረ። አንደኛው የተለመደው ዓይነት ነው፤ ባትሪና ሬዚስተሮች ያሉበት ሰርኪዩት ተሰጥቶ የኪርሆፍን ሕግ በመጠቀም ከረንቱንና ቮልቴጁን ማስላት። ሁለተኛው ቁጥር የለበትም፤ አምፖሎች የተያያዙበት ሰርኪዩት አለ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ሲዘጋ የትኛው አምፖል ይደምቃል፣ የትኛው ይደበዝዛል፣ የትኛውስ እንደነበረ ይቆያል? ለፊዚክስ ሰው ሁለተኛው ወረቀትና እርሳስ እንኳ የሚያስፈልገው አይደለም። ተማሪዎቹ ግን ከ10 በአንደኛው በአማካይ 6.9፣ በሁለተኛው 4.9 አገኙ። ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት የአምፖሉን ጥያቄ የሠሩት ከስሌቱ በሰፊ ልዩነት ባነሰ ውጤት ነው። ከረንቱን በትክክል ያሰላ ሰው ከረንቱ አምፖሉን ምን እንደሚያደርገው አላወቀም።

ቀጥሎ የሆነውን ማዙር ራሱ በየንግግሩ ተርኮታል። ከፈተና በፊት በነበረ የክለሳ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ አልገባቸውም። ሰሌዳ ላይ አስረዳ። ፊታቸውን ሲያይ አልገባቸውም። በሌላ መንገድ አስረዳ፤ አሁንም የለም። ከክፍሉ ግማሽ ያህሉ ትክክለኛውን መልስ እንደያዘ ያውቃል፤ የቀረውን ግማሽ ግን እንዴት እንደሚደርስበት ጨነቀው። የሚለው ሲያልቅበት፣ በሉ እስቲ ከጎናችሁ ካለው ጋር ተነጋገሩበት አላቸው። አዳራሹ እንደ ገበያ ተንጫጫ። መምህሩ ረስተውታል፤ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ፣ አየር ላይ በእጃቸው ይሥላሉ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እሱ በብዙ ማብራሪያ ያልቻለውን ጨርሰውት ነበር።

ለምን? የማዙር ማብራሪያ ቀላል ነው። ነገሩ ትናንት የገባው ተማሪ ከትናንት ወዲያ ምን እንዳደናገረው ያስታውሳል። ፕሮፌሰሩ ግን የገባው ከዓመታት በፊት ነው፤ የት ላይ እንደሚያደናቅፍ ረስቶታል። በየአብነት ትምህርት ቤታችን ቀደም ያለው ተማሪ ለኋለኛው የሚያስቀጽለው የአስተማሪ ቁጥር ስላነሰ ብቻ አይመስለኝም።

ሁለት ደቂቃ ዝምታ፣ ሦስት ደቂቃ ጫጫታ

በ1991 ማዙር ይህን ድንገተኛ ነገር ሥርዓት አደረገው። አወቃቀሩ እንዲህ ነው። መምህሩ ከሰባት እስከ አሥር ደቂቃ ያህል ስለ አንድ ሐሳብ ብቻ ይናገራል። ከዚያ በዚያ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ አንድ የምርጫ ጥያቄ ያቀርባል። ተማሪው አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻውን ያስባል፤ መነጋገር ክልክል ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መልሱን ያሳውቃል። መምህሩ ትክክለኛውን ሳይናገር፣ ፊቱንም ሳይለዋውጥ፣ የተለየ መልስ የያዘ ጎረቤት ፈልጋችሁ አሳምኑ ይላል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ክርክር ይሆናል። ድጋሚ መልስ ይሰጣሉ። በመጨረሻ መምህሩ ያብራራል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሐሳብ።

ምሳሌ ካላየን ይህ ደረቅ ነው። ከሄስተነስ ቡድን ፈተና ውስጥ የታወቀች አንዲት ጥያቄ አለች፤ በዋናው ላይ ከባድ መኪናና ትንሽ አውቶሞቢል ናቸው፣ እኔ መኪኖቹን ቀይሬያቸዋለሁ። አንድ ሲኖትራክ ከፊቱ ከሚመጣ ባጃጅ ጋር ተጋጨ። በግጭቱ ቅጽበት፦ ሀ) ሲኖትራኩ ባጃጁ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ይበልጣል፤ ለ) ባጃጁ ሲኖትራኩ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ይበልጣል፤ ሐ) የሁለቱም እኩል ነው፤ መ) ኃይል የሚያሳርፈው ሲኖትራኩ ብቻ ነው፣ ባጃጁ ይጨፈለቃል እንጂ ምንም አያደርግም።

ይህን ጥያቄ ሦስተኛውን የኒውተን ሕግ በትናንትናው ዕለት ለተማረ ክፍል ስጡት። «ለማንኛውም ድርጊት እኩልና ተቃራኒ ግብረ መልስ አለው» ብሎ በአንድ ትንፋሽ የሚያነበንብ ተማሪ «ሀ» ብሎ ሲመልስ ታያላችሁ። ምክንያት አለው። ባጃጁ እንደ ቆርቆሮ ተጨማድዷል፤ ሲኖትራኩ መብራቱ ብቻ ተሰብሯል። እንዴት እኩል ይሆናል? አሁን «ሐ» ያለው ጎረቤቱ ይህን ሰው ማሳመን አለበት። «ኒውተን ብሏል» ቢለው አይበቃም፤ ያኛውም ኒውተን ምን እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ «ሐ» ያለው ራሱ ማሰብ ይጀምራል። ኃይሉ እኩል ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? ባጃጁ ትንሽ ነዋ፤ ያው ኃይል ቀላሉን ነገር ከከባዱ ይልቅ አጥብቆ ወደኋላ ይመልሰዋል። እዚህ ሲደርስ ሁለተኛውን ሕግ ማንም ሳያዘው ጎትቶ አመጣው ማለት ነው። ሁለቱ ፊዚክሶች የተገናኙት በዚህች ክርክር መሐል ነው።

ዘዴውን ሰዎች ሲቀዱት በብዛት የሚዘሉት የመጀመሪያዋን ዝምታ ነው። ሰዓት ትፈጃለች፣ ምንም የሚታይ ነገር የለባትም። በቀጥታ «በግሩፕ ተወያዩ» ማለት ይቀላል። ያኔ ግን የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንድ ጎበዝ ይናገራል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፣ አንዱ ጸሐፊ ይሆናል፣ የቀረው ስለ ኳስ ያወራል። ተማሪው አስቀድሞ በራሱ መልስ ላይ ካልቆመ የሚከላከለው ነገር የለውም። የራሱን መልስ ይዞ ከፍ አድርጎ ካሳየ በኋላ ግን ነገሩ የግሉ ይሆናል፤ ተሳስቶም ከሆነ የት እንደተሳሳተ ማወቅ ይፈልጋል። ትኩረት የምንለው ነገር የሚመጣው ከዚህ ፍላጎት ነው እንጂ ከስዕል መብዛት አይደለም።

ሌላው ልብ የሚባል ነገር የጥያቄው ክብደት ነው። በመጀመሪያው ድምፅ ከተማሪው ከ30 በመቶ በታች ትክክል ከሆነ ክርክሩ የማያውቁ ሰዎች ጨዋታ ይሆናል፤ መምህሩ ወደኋላ ተመልሶ እንደገና ማስረዳት አለበት። ከ70 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ የሚከራከር ሰው የለም፤ አጭር ማብራሪያ ሰጥቶ መቀጠል ነው። ክርክሩ ፍሬ የሚሰጠው በመካከሉ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጥያቄ መጻፍ የዘዴው ትልቁ ሥራ ነው። የተሳሳቱት ምርጫዎች ከመምህሩ ምናብ አይመጡም፤ ከተማሪዎቹ የድሮ ፈተና ወረቀት፣ በጽሑፍ ከመለሱት ስሕተት ይለቀማሉ። ማንም የማይመርጠው ሞኝ ምርጫ ያለበት ጥያቄ ለክርክር አይሆንም። (ከላይ ያለውን «ለ» ብዙ ሰው አይመርጠውም፤ ባወጣው አይጎዳም።)

ማዙር በዙሪያው ያለውንም ቀይሯል። ተማሪዎቹ የዕለቱን ምዕራፍ አንብበው እንዲመጡ አደረገ፤ በክፍል ውስጥ ማስታወሻ ማጻፍ ከቀረ የሚተካው ሰዓት ከየት ይመጣል? ፈተናው ላይ የስሌት ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የአምፖሉን የመሰለ ጥያቄም አስገባ፤ ፈተና ላይ የማይመጣውን ተማሪ ቁም ነገር አይለውም። ውጤት አሰጣጡንም ከደረጃ ውድድር አወጣው፤ «ኤ» የሚያገኘው ሰው ቁጥር አስቀድሞ የተገደበ ከሆነ ለጎረቤቱ የሚያስረዳ ሰው የራሱን ዕድል እያጠበበ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ስለ ዘዴው በሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ ሲነሣ ብዙም አይሰማም፤ እኔ ግን ያለ እሱ የቀረው ሁሉ ቢንገዳገድ አይገርመኝም።

ቁጥሩ

ካትሪን ክራውችና ማዙር የአሥር ዓመቱን ልምድ በ2001 አሳተሙት። መለኪያቸው የሄስተነስ ቡድን ያዘጋጀውና «ፎርስ ኮንሰፕት ኢንቬንተሪ» የሚባለው ፈተና ነው፤ በኮርሱ መጀመሪያና መጨረሻ ይሰጣል። የሚታየው ተማሪው መጨመር ይችል ከነበረው ውስጥ ስንቱን ጨመረ የሚለው ነው። በ1990፣ በተለመደው ሌክቸር፣ የሃርቫርድ ተማሪዎች ሊጨምሩ ይችሉ ከነበረው 25 በመቶውን ጨመሩ። በ1991፣ ዘዴው በተጀመረበት ዓመት፣ 49 በመቶውን። ጥያቄዎቹ እየተሻሻሉና የንባብ ሥርዓቱ እየተስተካከለ ሄዶ በ1997 ወደ 74 በመቶ ደረሰ። በስሌት ጥያቄም ቢሆን ተማሪዎቹ ወደኋላ አልቀሩም፤ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ምሳሌ ቢቀንስም ተሻሻሉ።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ የአንድ ኮርስ መልሶች ሁሉ ተደምረው የቀረቡበት ቦታ አለ። በአማካይ ከተማሪው 40 በመቶው ከክርክሩ በፊትም በኋላም ትክክል ነው፤ 32 በመቶው ከስሕተት ወደ ትክክል ተሻገረ፤ 22 በመቶው ሁለቱንም ጊዜ ተሳሳተ፤ 6 በመቶው ትክክሉን ትቶ ወደ ስሕተት ሄደ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች መደበቅ አይገባም። ክርክር እውነትን ሁልጊዜ አያወጣም፤ አፈ ጮሌ ተሳስቶም ያሳምናል። መምህሩ በመጨረሻ የሚሰጠው ማብራሪያ ያስፈለገው ለእነዚህ 28 በመቶ ነው። ሌላ ደስ የሚል ነገርም አለ፤ ከክርክሩ በፊት ከጥያቄዎቹ ከ80 በመቶ በላዩን በትክክል የመለሰ አንድም ተማሪ አልነበረም። ስለዚህ ጎበዙም ከሰነፍ ጋር ጊዜውን አላባከነም፤ ለእሱም የሚማርበት ነበር።

«ጎበዙን ገልብጠው ቢሆንስ?» የሚለው ጥርጣሬ ተገቢ ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህን ፈትኖታል። ከክርክሩ በኋላ መልሱን ሳይነግሩ፣ ያንኑ ሐሳብ በሌላ መልክ የሚጠይቅ አዲስ ጥያቄ ለየብቻ እንዲሠሩ ሰጧቸው። ተማሪዎቹ በአዲሱም ጥያቄ ተሻሻሉ። ከዚህም በላይ ስሌቱ እንደሚያመለክተው በመጀመሪያ ማንም ትክክለኛውን መልስ ባልያዘበት ቡድን ውስጥ የነበሩትም ጭምር ነገሩ ገብቷቸው ነው የወጡት። የሚገለብጡት ሰው አልነበረም።

ካርዱና ክሊከሩ

አሁን ወደ ተነሣሁበት። ዘዴው በተጀመረ ዓመት በየተማሪው እጅ የሚያዝ ኤሌክትሮኒክ መምረጫ አልነበረም። በኋላ ግን ክሊከር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ መጣ፤ ተማሪው ቁልፍ ይጫናል፣ መልሶቹ ተደምረው ስክሪን ላይ ይወጣሉ። በ2000ዎቹ ዓመታት በሰሜን አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እጅግ ተስፋፋ፤ ዘዴውና መሣሪያው ተጣብቀው ብዙ ሰው የማዙርን ዘዴ «የክሊከር ትምህርት» ብሎ እስኪያስበው ድረስ ደረሰ። መግዣ የሌለው ትምህርት ቤት ይህ ለኛ አይደለም ብሎ ተወው።

ይሁንና ገና በ1996 ዴቪድ ሜልትዘርና ካንዲያ ማኒቫናን የተባሉ የሳውዝኢስተርን ሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሌላ መንገድ ጽፈው ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከ«ኤ» እስከ «ኤፍ» በትልቁ የተጻፈባቸው ስድስት ካርዶች ሰጡ። መምህሩ ሲል ሁሉም አንድ ላይ ከፍ ያደርጋል። በቃ።

ናትናኤል ላስሪ የሚባል በሞንትሪያል አቅራቢያ በጆን አበት ኮሌጅ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ነው ሁለቱን ያነጻጸረው። ኮሌጁ ሃርቫርድ አይደለም፤ ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ የወጡ ተማሪዎች የሚገቡበት የሕዝብ ኮሌጅ ነው። አንደኛው ክፍል በክሊከር፣ ሌላኛው በካርድ ተማረ። ዘዴው ያው፣ ትምህርቱም ያው። በ2008 ያሳተመው ውጤት አጭር ነው፤ በጽንሰ ሐሳብ ፈተናውም ሆነ በኮርሱ ፈተና በሁለቱ ክፍሎች መካከል ትርጉም ያለው ልዩነት አልተገኘም። መሣሪያው ለተማሪው የጨመረለት ዕውቀት የለም። በዚያው ዓመት ከማዙርና ከጄሲካ ዋትኪንስ ጋር ባሳተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ዘዴው መነሻቸው ዝቅ ላሉ ተማሪዎችም እንደሚሠራ፣ ኮርሱን አቋርጦ የሚወጣውም ሰው እንደሚቀንስ ታየ። ትኩረት የሚለካበት ነገር ካለ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ተማሪው በክፍሉ ውስጥ ቆየ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ክሊከሩ ለመምህሩ የሚሰጠው ነገር አለ። መልሶቹን ይመዘግባል፤ የዘንድሮውን ከአምናው ማወዳደር ይቻላል። የተማሪውን ስም ይደብቅለታል። ካርድ ይህን አያደርግም፤ መምህሩ በዓይኑ ገምቶ «ወደ ግማሽ ገደማ» ከማለት አያልፍም። ለዚህ ሥራ ግን ግምት ይበቃል፤ ከ30 በታች ነው ወይስ ከ70 በላይ የሚለውን በዓይን ማየት ይቻላል። ካርድ ደግሞ ክሊከር የማይሰጠው አንድ ነገር አለው። ስክሪኑ ስንት ሰው «ሀ» እንዳለ ይነግራል፤ የት እንደተቀመጡ አይነግርም። ካርዶቹ ለየመልሱ የተለያየ ቀለም ካላቸው፣ ሲነሡ ከግራ ጥግ ያለው ረድፍ በሙሉ ቀይ እንደያዘ፣ መሐል ያሉት አረንጓዴና ቀይ እንደተቀላቀሉ መምህሩ ባንድ ዓይን ያየዋል። ያ ጥግ ለብቻው ቢተው አንድ ስሕተት እየተቀባበለ ሊጸና ነው። ስለዚህ ከዚያ ጥግ ሁለት ተማሪ አስነሥቶ ወደ መሐል ያመጣል።

መደበቁም በካርድ ይቻላል። ካርዱን ከራስ በላይ ማንሣት ሳይሆን ደረት ላይ አስጠግቶ መያዝ ነው፤ መምህሩ ያየዋል፣ ከኋላ ያለው አያየውም። እጅ ማስወጣት ግን ለዚህ ደካማ ነው። «ሀ የምትሉ?» ሲባል ሁሉም መጀመሪያ ወደ ጎበዙ ዞሮ ያያል፤ የሱ እጅ ካልወጣ የማንም አይወጣም።

እኛ ዘንድ ሲመጣ

በኢትዮጵያ የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክ አለን። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት የሚሠራጭ፣ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ፣ ለመላው አገር በአንድ ሰዓት የሚተላለፍ ነበር። በፕላዝማ የተማረ ትውልድ የሚያስታውሰው ስክሪኑ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰኮንድ ሰጥቶ መልሱን ራሱ እንደሚናገር ነው። ማቆም አይቻልም፣ ወደኋላ መመለስ አይቻልም። መምህሩ ከፊትና ከኋላ የቀረችለትን ጥቂት ደቂቃ ይዞ ስክሪኑ አጠገብ ይቆማል። ስዕሉ ያማረ ነው፤ ስክሪኑ ግን ለማን ምን እንዳልገባው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። የካርዱ ዋናው ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል፤ ክፍሉ ካልገባው ትምህርቱ ይቆማል።

ከፕላዝማ በኋላ በየትምህርት ቤቱ የተለመደው አንድ ለአምስት የማዙርን ዘዴ ይመስላል የሚል አለ። በውጭ ሲታይ ይመስላል፤ ተማሪ ከተማሪ ይማራል። ልዩነቱ ግን ሥር ያለው ነው። በአንድ ለአምስት ውስጥ ጎበዙ አስቀድሞ ተሹሟል። አምስቱ መልሱ ከማን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ስለዚህ የሚጠብቁት እሱን ነው። በማዙር ክፍል ማን ትክክል እንደሆነ ከክርክሩ በፊት ማንም አያውቅም፤ መምህሩም አይናገርም። ደረጃዋ ሠላሳኛ የሆነች ልጅ «ሐ»ን ይዛ አንደኛውን ልታሳምን ትችላለች። እንዲህ ባለ ቀን ያቺ ልጅ ነገም ካርዷን ታነሣለች።

በስልሳና በሰባ ተማሪ ክፍል ውስጥ ካርድ ማዘጋጀት ከባድ አይደለም። ከስኳር ወይም ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ አራት ቁራጭ፣ ባለቀለም እርሳስ፣ «ሀ ለ ሐ መ» በትልቁ። ቀለም መኖሩ ይጠቅማል፤ ከሰሌዳው ሥር ሆኖ ፊደል ከማንበብ ቀለም መለየት ይፈጥናል። ተማሪው ደብተሩ ውስጥ ይዞ ይመጣል። ካርዱ ከሌለም ጣት አለ፤ አንድ ጣት «ሀ»፣ ሁለት «ለ» እያሉ ደረት ላይ ማሳየት። ዓይን ጨፍኖ ማሳየትም ለትንንሾቹ ክፍሎች ይሠራል፣ ጨዋታም ይሆንላቸዋል። ተደራርበው በሚቀመጡበት የሦስት ሰው ዴስክ ላይ ወንበር ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ የፊተኛው ረድፍ ወደኋላ ዞሮ ከኋለኛው ጋር ቢነጋገር ይበቃል።

ጫጫታው ግን የሚያሳስብ ነው። የጎረቤቱ ክፍል መምህር በር ያንኳኳል፤ ርእሰ መምህሩ ክፍሉ ያለ አስተማሪ የቀረ ይመስላቸዋል። ዝም ያለ ክፍል ሥርዓት ያለው ክፍል ነው በሚባልበት ትምህርት ቤት ይህን የሚሞክር መምህር ርእሰ መምህሩን ቀድሞ ቢያስረዳ፣ ከተቻለም አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው እንዲያዩ ቢጋብዛቸው ይሻላል። ጫጫታውን መልሶ ለማስቆም አንድ ምልክት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መልመድ አለበት፤ ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ ወይም እጅን ከፍ አድርጎ መቆም። በየጊዜው «ዝም በሉ» ብሎ መጮኽ አሥር ደቂቃ ይበላል።

የሚያስቸግረው ንባቡ ነው። ማዙር ክፍል ውስጥ ሰዓት ያገኘው ተማሪው ቤቱ አንብቦ ስለመጣ ነው። አንድ መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት በሚዳረስበት፣ ልጁ ከትምህርት በኋላ ውኃ በሚቀዳበት ወይም ሱቅ በሚጠብቅበት ቦታ ይህን በቀጥታ መጠየቅ አይሆንም። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ያለው አማራጭ የንባቡን ድርሻ ወደ ክፍል ማስገባት ነው፤ ስድስት ሰባት ደቂቃ ከአንድ መጽሐፍ ሁለት ሆነው አንድ ገጽ ያነባሉ፣ መምህሩ አሥር ደቂቃ ያብራራል፣ አንድ ጥያቄ ይከተላል። ሁለተኛ ጥያቄ የሚደርሰው ጥቂት ቀን ነው። ሰሌዳ ሙሉ ማስታወሻ መገልበጥ ግን ከዚህ ጋር አብሮ አይሄድም፤ ሰዓቱን የሚጨርሰው እሱ ነው፣ ወላጅም ሱፐርቫይዘርም ደብተር ገልጦ የሚፈልገው እሱኑ ነው። መምህሩ ከሳምንቱ ክፍለ ጊዜዎች በየትኞቹ ማስታወሻ እንደሚያስጽፍ፣ በየትኞቹ ካርድ እንደሚያስነሣ አስቀድሞ ለክፍሉ መናገር አለበት፤ ያለዚያ ተማሪው ክርክሩ እያለ እስክሪብቶውን ይዞ የሚጻፈውን ይጠብቃል።